በወንዶቹ በኩል ያለው ግድግዳ

ፊደል ከመቁጠሬ በፊት አባቶቼን ቆጥሬአለሁ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠኝና «እስቲ ቁጠሪ» ይለኛል። «የሺ ተክሌ፣ ተክሌ ወልደ ሥላሴ፣ ወልደ ሥላሴ ክንፉ፣ ክንፉ ድንቁ፣ ድንቁ ሀብቴ፣ ሀብቴ ዘወልድ፣ ዘወልድ አምዴ!» ሰባት ቤት። ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው ነው። ክንፉ ላይ ስደርስ «አለቃ በዪ» ይለኛል፤ «አለቃ ክንፉ ናቸው።» አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ አይጠፋም። ርስት የለው፣ ቤቱ የቀበሌ። ከእጁ ያልወጣ ሀብቱ እነዚያ ሰባት ስሞች ነበሩ።

ይህን የምጽፍላችሁ ያንን ሀብት እንዴት እንዳሳጣሁት፣ በምትኩም ምን እንዳገኘን ልነግራችሁ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከአባቴ ጋር እኖር ነበር፤ እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች። ትምህርት የጀመርኩት ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሰፈራችን ሲገባ እኔና አባቴ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሀሁ አልን። እሱ ማንበብ ሲጀምር «ይበቃኛል» ብሎ ተወው። እኔ አልበቃኝም፤ በማታ ትምህርት ቀጠልኩ፤ በኋላም አንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ዝምተኛ ነበርኩ። ቦታው ያልሆነ መጽሐፍ ካየሁ ግን እስካስተካክለው ድረስ ምሳ አልበላም ነበር።

ጌታሁን የተቀዳደዱ መጻሕፍት ሊጠርዝ የመጣ ሰው ነው። አንድ መዝገበ ቃላት ጠርዞ ሲያስረክበኝ ሁለት ገጽ ተዛውሮ አገኘሁና መለስኩለት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ፈትቶ እንደገና ጠረዘውና «ደግሞ የምትመልሺው ነገር ካለ ነገም እመጣለሁ» አለኝ። መልሼ መልሼ በዓመቱ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ፣ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ ነበር። መሪያቸው የጌታሁን አጎት ግራዝማች ለማ ናቸው። ማዕረጉን መንግሥት ከሻረው ቆይቷል፤ ሰፈሩ ግን አልሻረባቸውም። እኔ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ወጉ ሁሉ አለቀና ነገሩ ቆጠራው ላይ ደረሰ። እንደምታውቁት፣ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኙ አይጋቡም።

«ልጃችን ጌታሁን ነው» አሉ ግራዝማች። «አባቱ ወንድሜ ማሞ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። የእኔና የማሞ እናት አስካለ ይባላሉ። የአስካለ አባት ደግሞ የእንጦጦው አለቃ ክንፉ ድንቁ ናቸው።»

«ማን አሉ?» አለ አባቴ።

«አለቃ ክንፉ። እናቴ በልጅነቷ ነው ወደ ቡልጋ የተዳረችው። ምነው?»

«እኔ ተክሌ ወልደ ሥላሴ ክንፉ ነኝ! የአለቃ ክንፉ የልጅ ልጅ!»

«አትለኝም!»

«እውነቴን ነው!»

«የአጎቴ ልጅ ነህ በለኛ! እናቴ ስለ ወንድሞቿ አውርታ አትጠግብም ነበር። በቤት ስም እየጠራቻቸው ማን ማን እንደሆኑ ሳናውቅ ቀረን እንጂ!»

በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። አባቴና ግራዝማች ተቃቅፈዋል። ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፤ አባቴ እንባው ይወርዳል። ዕድሜውን ሙሉ እህቱን ብቻ ይዞ የኖረ ሰው ድንገት ዘመድ አገኘ። ለጥቂት ጊዜ እኔም ደስ አለኝ፤ ከዚያ ገባኝ።

ከሽማግሎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ጋብቻውስ?»

ግራዝማች ከአባቴ ትከሻ ላይ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡ። «እንዴት ይሆናል? ልጆቹ ሥጋ ናቸው። በሦስተኛው ቤት ተገናኙ እኮ!» ለወጉ ያህል «እንደገና አጣርተን በሚቀጥለው እሑድ እንነጋገር» ብለው ወጡ። አባቴ እስከ ዋናው መንገድ ሸኛቸው።

ተመልሶ መጋረጃውን ገለጠና አየኝ። «አይዞሽ» አለኝ። «ባል አጣሽ፤ ወገን አገኘሽ።»

እኔ የፈለግሁት ባል ነበር።

በማግሥቱ ቀበና ወደ አክስቴ ወደ እትዬ ዘነበች ሄድኩ። የአባቴ ታላቅ ናት። ነገሩን ስነግራት የምትለቅመውን ምስር ሳትተው ሰማችኝ።

«አባባ የአለቃ ልጅ ነው ያለው ማን ነው?» አለችኝ፤ አባባ የምትለው አያቴን ነው።

«አባቴ ነዋ። አይደለም እንዴ?»

«አባባ ሲነግረኝ ልጅ ሆኖ ከነጋዴ ጋር ነው የመጣው። አገሩ የት እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም። ሲታመምና ትኩሳት ሲይዘው ግን እኛ በማናውቀው ቋንቋ ያወራ ነበር። አለቃ ክንፉ ያሳደጉት ጌታው ናቸው። ያሳደገው ሰው ስም ነው የወጣለት።»

«እትዬ! ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? አባትሽ ደግሞ አባባ ሲሞት ገና ልጅ ነው። በአለቃ ልጅነቱ ደስ ሲለው አየሁ፤ ምን ብዬ ልንጠቀው?» ምስሩን አንገዋለለችና ቀና አለች። «አንቺ ግን ዕወቂበት። ሰው ወሬ አያምንም፤ የዘነበች ወሬ ደግሞ ጭራሽ።»

እውነቷን ነው። ጽሑፍ ያስፈልገኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ፈቃድ እየጠየቅሁ ያላንኳኳሁት በር የለም። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ የአያቴ አባት ስም ክንፉ ነው። አባቴ የተቀጠረበት ሄድኩ፤ ክንፉ። ቀበሌ፤ ክንፉ። ወረቀቱ ሁሉ አባቴ የነገረኝን መልሶ ይነግረኛል፤ ለወረቀቱ የነገረውም አባቴ ነውና። አያቴ ክርስትና በተነሣበት ዘመን ደግሞ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚጻፍ መዝገብ አልነበረም።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ የአክስቴን ቃል ለአባቴ ነገርኩት። ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠው።

«ባል ፍለጋ አባቴን ልትነሺኝ ነው?»

«እውነቱን ነው የምፈልገው፣ አባባ።»

«እውነቱማ ተሥሏል!» አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ። «እንጦጦ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ አለቃ ክንፉ ከልጆቻቸው ጋር ተሥለዋል። አባቴ መሀላቸው ነው። ልጅ ሆኜ እጄን ይዞ ‹ይሄ እኔ ነኝ› ብሎ አሳይቶኛል። በየእሑዱ የምስመው ምን መሰለሽ?»

«ጽሑፍ አለው?»

«ከላዩ ያለ ይመስለኛል። የጧፍ ጭስ አጥቁሮታል።»

«እንሂድ።»

«እንሂድ!» አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣን። ከዚያ በፊት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ዳቦ ገዛሁ። በጥላሸት የጠቆረ ሥዕል በዳቦ ልብ ቀስ ተደርጎ ሲታሽ እንደሚጠራ፣ ውኃ ግን ቀለሙን እንደሚያጠፋው አንድ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር። በባሕር ዛፉ መሀል ዳገቱን ስንወጣ ብዙም አልተነጋገርንም። አባቴ የሚወጣው የአለቃ ክንፉ ደም መሆኑን ሊያሳየኝ ነው። እኔ የምወጣው አለመሆኑን ለማየት ነው። አንድ መንገድ፣ ሁለት ጸሎት። ሲደክመኝ እጁን ይሰጠኛል።

ቄሰ ገበዙ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። ጉዳያችንን ሰምተው አገጫቸውን ደገፉ።

«ማየቱ ደግ። ግን ልጄ፣ ሥዕሉ በሰሜን ነው፣ በወንዶቹ በኩል። ቤተ ክርስቲያኑ ከተሠራ ጀምሮ በዚያ በኩል ሴት ቆማ አታውቅም።»

«አባቴ፣ አሁን እኮ ቅዳሴ የለም» አልኳቸው።

«ግድግዳውስ መች ወጣ?» አሉኝ።

«እንግዲያው እርስዎ ያንብቡልን።»

«በየትኛው ዓይኔ? ዲያቆናቱም ቀብር ሄደዋል።» አባቴ ወዳለበት ዞሩ። «አንተስ፣ ማንበብ ትችላለህ?»

አባቴ አየኝ። «ፊደሉን አውቀዋለሁ። እያነበብኩ ትርጉሙን ግን እስክይዝ...»

«ፊደል ፊደሉን ጥራልኝ» አልኩት። «እኔ እጽፋለሁ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። መቅደሱ መሀል ላይ ሆኖ ሥዕሎቹ ግድግዳውን ዞረውታል። ስለዚህ ጫማችንን አውልቀን ስንገባ እኔ በሴቶቹ በኩል በደቡብ ቆምኩ፤ አባቴና ቄሰ ገበዙ በሰሜን። መቅደሱ ይከልለናል። የምሰማው ድምፃቸውን ብቻ ነው።

የሥዕሉ መጋረጃ በቀለበቱ ላይ ተንሸራተተ። «በዳቦው፣ አባባ፤ ሳትጫን» ብዬ ጮህኩ።

«ግድግዳ እኔን ታስተምሪኛለሽ?» አለኝ።

ቆየ። ከዚያ መጥራት ጀመረ። «አ። ለ። ቃ። ክ። ን። ፉ...» ወረቀቴ ላይ ጻፍኩ። «ከ። ል። ጆ። ቻ። ቸ። ው...» ተሰብስቦ ሲነበብ «አለቃ ክንፉ ከልጆቻቸው ጋር እንደተማጸኑ» ሆነ።

«አላልኩሽም!» የአባቴ ድምፅ ጣሪያው ላይ አስተጋባ። «ከልጆቻቸው ጋር ይላል!»

የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት፤ እንደዚያው ነው። ቢሆንም አንዴ የተጀመረ ነገር ሳይጨረስ አይቀመጥልኝም። «ልጆቹ እንዴት ሆነው ነው የተሣሉት?» አልኩ።

«ተንበርክከው። እጃቸውን ዘርግተው።»

«አያቴም ተንበርክኳል?»

«እሱ ከኋላቸው ነው። ቆሟል።»

«ለምን ቆመ?»

ዳቦው ግድግዳው ላይ ሲታሽ ይሰማኛል።

«እጁ ላይ የሆነ ነገር አለ» አለ በመጨረሻ። «ጥቁር ነበር፤ አሁን እየወጣ ነው። ገመድ ነው... አይደለም። ልጓም ነው።» ድምፁ ወረደ። «በቅሎ አለች ለካ። ከጭሱ ሥር በቅሎ አለች። አባቴ የበቅሎዋን ልጓም ይዟል።»

የአለቃ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በቅሎ ይዞ እንደማይሣል ሦስታችንም እናውቃለን።

«ከራሱ በላይ ጽሑፍ አለ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አለ።»

«ከደከመህ ይቅር፣ አባባ።»

«ጻፊ» አለኝ።

ጠራ። ወ። ል። ደ። ሥ። ላ። ሴ። ከዚያ፦ ከ። ጊ። ቤ። ማ። ዶ። በእያንዳንዱ ፊደል መሀል እንደሚያርፍ ድንጋይ ተሸካሚ ይተነፍሳል። በ። ሕ። ፃ። ን። ነ። ቱ። የ። መ። ጣ።

ወልደ ሥላሴ፣ ከጊቤ ማዶ በሕፃንነቱ የመጣ።

ብዕሬን ይዤ ቆምኩ። አሸንፌ ነበር። ድሌ ግን ከግድግዳው ማዶ የአባቴን ልብ ሲሰብር ይሰማኛል፤ ስለዚህ አልጮህኩም።

ቄሰ ገበዙ ተናገሩ። «አትቸኩሉ። በሥጋ ባይሆን በመንፈስም ዝምድና አለ። አለቃ ክንፉ ለልጁ የክርስትና አባት ሆነው ከነበረ ያው ነው፤ ጋብቻው አይፈርስም ወይ? ቀሪ ጽሑፍ አለው?»

«አለ» አለ አባቴ። «የ። ክ። ር። ስ። ት። ና...»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«...ል። ጄ።»

«ልጄ? የማን ልጄ?» አልኩ፤ በሴቶቹ በኩል ብቻዬን ቆሜ።

«‹የክርስትና ልጄ› ነው የሚለው፤ አለቀ።»

«‹ልጄ› የሚለው የጻፈው ሰው ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ማን ነው የጻፈው? ከሥር እየው፣ ከእግሩ ሥር።»

ዳቦው እንደገና መታሸት ጀመረ። ከዚያ አባቴ፣ በዚያች ሰዓት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ ፊደል መቁጠሩን ትቶ ቃሉን እንዳለ አነበበው፦

«ሠዓሊው ኃይሉ።»

እንዲህ ነው ለካ። ጌታው ልጆቻቸውን አሣሉ። ሠዓሊው ደግሞ ማንም ሳያዘው፣ ከቤተሰቡ ጀርባ፣ ለበቅሎ ያዡ ልጅ ቦታ አበጀለት። ክርስትና ያነሣውን ልጅ ከመጣበት አገር ጋር በስሙ ጻፈው። በዚያ ሥዕል ላይ ስም ያላቸው አለቃ ክንፉና አያቴ ብቻ ናቸው።

አባቴ መቅደሱን ዞሮ ወደ እኔ መጣ፤ እጁ በዳቦ ፍርፋሪና በጥላሸት ጠቁሯል።

«ሌላ ፊደል ልጠራልሽ አስቤ ነበር» አለኝ። «አንቺ አታይም፤ እሳቸውም አያዩም።»

«ለምን ተውከው?»

«ልጁ ያየኛል። ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሣለው።»

ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቄሰ ገበዙ ደግሞ መጋረጃውን ሳይመልሱት እዚያው ቆመው ጸለዩ። ስንወጣ «ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔም እመጣለሁ። ዓይን ባይኖረኝ ጆሮዬ ምስክር ነው» አሉን።

እሑድ ሁሉም ተሰበሰቡ። እኔ ያው መጋረጃ ጀርባ ነኝ። ቄሰ ገበዙ የሰሙትን መሰከሩ፤ አባቴ የጻፍኩትን ወረቀት አነበበ፤ አክስቴም ልትጠየቅ ከቀበና መጥታ ነበርና «ይኸው ዘንድሮ ጠየቃችሁኝ» ብላ ተናገረች። ሥጋነቱ ቀረ። ግራዝማች ግን የዝንብ ጭራቸውን ያወዛውዙ ጀመር።

«ዝምድናው ቀረ፤ መልካም» አሉ በኋላ። «ግን እንግዲህ... ከጊቤ ማዶ። በዚያ ዘመን ከዚያ የሚመጣ ሕፃን እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ እዚህ ያለነው እናውቃለን። ዘሩ፣ ቤቱ ምንድን ነው ብንባል ምን እንመልሳለን?»

መጋረጃውን በጥርሴ ያዝኩት።

አባቴ ተነሣ። «ግራዝማች፣ እስከ ባለፈው እሑድ ልጄን ሰባት አባት አስቆጥር ነበር። አምስቱ የእኛ አልነበሩም። ዛሬ ልቁጠርልዎ፤ እኔ ተክሌ ነኝ፣ የወልደ ሥላሴ ልጅ። አለቀ። ሕፃን ሆኖ ተወሰደ፣ የሰው በቅሎ ያዘ፣ አድጎ ቤት ሠራ፣ እኛን ወለደ። የጎደለዎት አምስት ቤት ካለ ወደ ታች ይቁጠሩ፤ ልጄ ትወልዳለች።»

ከዚያ የቄሰ ገበዙ ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፦

«ግራዝማች፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ይጠይቁ፣ አባቴ።»

«ይህ ልጅ በመቅደሱ ግድግዳ፣ በቅዱሳኑ እግር ሥር፣ ስሙ ተጽፎ ተሥሏል። ለመሆኑ እርስዎ የት ነው የተሣሉት?»

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። ከዚያ ሽማግሎቹ፤ ከዚያ ራሳቸው ግራዝማች፣ ጭራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ።

«እኔማ የተሣልኩት የቀበሌ መታወቂያ ላይ ነው!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ተነሥተው የአባቴን ትከሻ ያዙ። «ባለፈው እሑድ ዘመድ አግኝቼ ሙሽራ ነሳሁህ። ዛሬ ዘመዴን አጥቼ አማች ላግኝ። ስጡን እንግዲህ፣ ልጃችሁን።»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ወጣሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ጊቤን ተሻግሬ ጠይቄአለሁ፤ የድሮ ጽሑፍ ካለበት ሁሉ ገብቻለሁ። ከየትኛው መንደር እንደ ተወሰደ፣ እናቱ ማን ብላ እንደ ጠራችው አላገኘሁም። ላላገኝ እችላለሁ። አላገኘሁም ብሎ መጻፍም የሥራው ክፍል እንደሆነ የተማርኩት ከዚያ ነው፤ ባዶ ቦታን በተዋበ ስም ከመሙላት ባዶነቱን ማክበር ይሻላል። ደግሞም እንዲህ እላችኋለሁ፤ በየቤታችሁ የምትቆጥሯቸውን ስሞች ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። ምናልባት ከኋላቸው ልጓም ይዞ የቆመ አንድ ልጅ ይኖራል። የእናንተ አያት እሱ ሊሆን ይችላል። ብታገኙት አትፈሩ።

በሠርጌ ቀን የሰፈሩ ሴቶች ከበሮ እየመቱ እንደ ለመዱት «የአለቃ ክንፉ ዘር» እያሉ ያወድሱኝ ጀመር። አባቴ በአዲስ ጋቢው ድንኳኑን ሰንጥቆ መጣና ከበሮውን በእጁ ያዘ።

«የወልደ ሥላሴ ዘር በሉ» አላቸው።

«የማን?»

«የወልደ ሥላሴ! ከጊቤ ማዶ የመጣው!»

ሴቶቹ ተያዩ። አቀንቃኟ አንዴ ቃሉን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው፣ ዜማው ላይ እንደሚገባ አየችና ከበሮዋን መታች። ድንኳኑ በሙሉ ተቀበላት። ከሁሉ ድምፅ በላይ የሚሰማው የግራዝማች ለማ ነበር።